ወፍ በድምፅዋ ዘመዷን ትናገራለች? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ወፎች ድምፅና ዝምድና የጠየቃችሁኝን እነሆ። ያልጠየቃችሁም ቀጥሉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሁለት ወፎች ዘመድ መሆናቸው በድምፅ ይታወቃል?

ፍንጭ ይሰጥሃል። መጀመሪያ ግን ወፏ ድምፅዋን ይዛ ተወለደች ወይስ ተማረችው? ዋኖስን ውሰድ። በሌላ ዓይነት ዋኖስ ጎጆ ብታድግ እንኳ የምታሰማው የራሷን ዘር ድምፅ ነው። ሁለት ዓይነት ዋኖሶች ሲዳቀሉ ደግሞ የልጆቻቸው ድምፅ በሁለቱ መሃል ይወድቃል። ስለዚህ የዋኖስ ድምፅ ስለ ዘሯ ሲናገር አምነዋለሁ። የቆቅም እንደዚያው ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ዘማሪዎቹስ?

እነሱ ይማራሉ። ዜብራ ፊንች የምትባል የአውስትራሊያ ወፍ አለች። ወንዱ ጫጩት ሌላ ዝርያ ካሳደገው የአሳዳጊ አባቱን ዜማ ይይዛል። እንዲህ ያለ ዜማ ይዘህ ዝምድና ብትቆጥር ትሳሳታለህ። አደጋ ሲመጣ ወይም ሲጠራሩ የሚያሰሙት አጭር ጥሪ ግን በአብዛኛው አብሯቸው የሚወለድ ነው። እኔ መጀመሪያ የማዳምጠው እሱን ነው።

ከአንኮበር፦ የእኛ ቆላ ባለቢጫ ጉሮሮ ወፍ ዲቃላ ናት ይባል ነበር። በዜማዋ መለየት አይቻልም ነበር?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥቂት ናሙናዎች ተያዙ፣ ከዚያ ለ100 ዓመት ያህል ጠፋች። ዲቃላ ያሏትም ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር እዚያው አካባቢ እንደገና ተገኘች። ዜማ ከምትማር ወገን ስለሆነች ዜማዋ ብቻውን አይፈርድም ነበር።

ከደብረ ሲና፦ የወፍ ዋሻ ጫካ ወፎች ድምፃቸው ጎርነን ያለና የተጎተተ ይመስለኛል። ዘመድ ናቸው ማለት ነው?

ጆሮሽ ጥሩ ነው፣ ግን የጫካው ሥራ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ቀጭን ድምፅን ይበትናል፣ ፈጣን ዜማን ያደበላልቃል። ጫካ የሚኖር ዝግ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ ቢኖረው ይጠቅመዋል። ጓሳ ሜዳ ላይ ይህ ችግር ይቀላል። የማይዛመዱ ወፎች በመኖሪያቸው ምክንያት ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ከዚያው፦ ዲኤንኤ እያለ ድምፅ ምን ያደርጋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጊልበርት ዋይት በአይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ሦስት ትንንሽ ወፎችን በዜማቸው ለያቸው። ዲኤንኤ ገና አልታሰበም። ከሦስቱ ሁለቱ በፈረንጆቹ ክረምት ወደ እኛ አገርም ይመጣሉ።

ዲኤንኤ ምን ያህል እንደተራራቁ ይነግርሃል። ወፎቹ ራሳቸው እንደ አንድ ዘር ይተያዩ እንደሆነ የሚነግርህ ግን ድምፅ ነው። ተመራማሪዎች ግዛቱን ለሚጠብቅ ወንድ የሌላውን ዜማ በድምፅ ማጉያ ያሰሙታል። ተቆጥቶ ከመጣ እንደ ተቀናቃኝ ቆጥሮታል። ዝም ብሎ ምግቡን ከለቀመ ባዕድ ነው ብሎታል ማለት ይቻላል። ከፍርድ በፊት በብዙ ወፎች ይደጋግሙታል።

ከጫጫ፦ በስልክ መቅዳት ይጠቅማል?

በጣም። ማለዳ ቅዳ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ጻፍ። ዜኖ ካንቶ የሚባል በኢንተርኔት ላይ የወፎች ድምፅ ማኅደር አለ፣ በነፃ ይቀበልሃል። በተለይ በመራቢያ ወቅት ግን ቅጂውን መልሰህ እያሰማህ ወፎቹን አታስጨንቃቸው፤ ጎጆአቸውን ትተው ይመጡብሃል።