አምስቱን አፈሙዝ ጠቅልላችሁ አትሽጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ላላዩት ሰዎች በአጭሩ ልድገመው። አጎትሽ አሜሪካ ነው የሚኖሩት። ኮንቴንደር የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የቶምሰን ሴንተር ኩባንያ ሽጉጥ ከአምስት ተለዋጭ አፈሙዝ ጋር አላቸው። ዕድሜያቸው ስለገፋ ሊሸጡት አስበዋል። አንድ ሰው «ሁሉንም ጠቅልዬ ልውሰድ» ብሎ ዋጋ ጠርቶላቸዋል። አንቺ ደግሞ እዚህ አዳማ ሆነሽ ዋጋው ያዋጣል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔም አዳማ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ቴክሳስ ውስጥ ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፎቶዎችሽን ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እያጎላሁ አየኋቸው። ጠቅልለው አይሽጡ። እያንዳንዱ አፈሙዝ ለብቻው ይገመት።

እኛ አገር የለመድነው የወጅግራን ነገር ነው። አያቴ ቤት አንድ ነበረ፤ የፈረንሳዩ ግራ፣ የ1874 ሞዴል። ልጅ ሆኜ አባቴ ጣቴን ይዞ ቁጥሩን ያስነካኝ ነበር። አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥርና መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ መግጠም ነው፤ አንዱ ክፍል ከተቀየረ ዋጋው ይወድቃል። ኮንቴንደር ግን ሲሠራም እንዲቀያየር ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ ሲወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ የፊት እንጨቱን ፈትተሽ አንዲት ፒን ስታወጪ አፈሙዙ እጅሽ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ካሊበር፣ ማለትም ለሌላ መጠን ጥይት የተሠራ አፈሙዝ፣ ታስገቢያለሽ። ተከታታይ ቁጥሩ ያለው አካሉ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አፈሙዞቹን መለያየት ምንም አያጎድልባቸውም።

ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቷ የሞተባት ሴት አራት አፈሙዝ ይዛ መጣች። ቸኩዬ የአንዱን ዋጋ በአራት አባዝቼ ነገርኳት፤ አምናኝ ሸጠች። ብዙም ሳይቆይ ገዢው ከአራቱ አንዱን፣ ከነካርቶኑ የነበረውን ባለ ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ ለብቻው ሸጦ የከፈለውን ከሞላ ጎደል መለሰ። ሦስቱ በነፃ ቀሩለት። የሴትዮዋ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። አንደኛውና ሁለተኛው ክብ፣ ወፍራም አፈሙዞች ናቸው፤ .44 ማግነምና .357 ማግነም። በብዛት የተሠሩ ናቸው። ገዢያቸው ተኳሽ እንጂ ሰብሳቢ አይደለም፤ የተለመደው የገበያ ዋጋ ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ላይ ቆም በይ። ስምንት ማዕዘን ነው፣ ጎኑ ላይ የተመታው ጽሑፍ .30 ሄሬት ይላል። መጀመሪያ የወጡት አፈሙዞች እንዲህ ባለ ማዕዘን ነበሩ። የሄሬት ጥይት ደግሞ እንደ ልብ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ የ.30-30 ቀለህ አሳጥሮ የሚሠራ ነው። ለተኳሽ ይህ ራስ ምታት ነው። ሰብሳቢ ግን የሚፈልገው ልክ ይህንን ነው። ጠቅልሎ የሚገዛው ሰውዬ ዓይኑ እዚህ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። አጎትሽ እንዳይወለውሉት፣ ልባሱንም እንዳያድሱት አደራ። የደበዘዘ የፋብሪካ ልባስ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል። የፊት እንጨቱንም አብረው ያስቀምጡ፤ የማዕዘኑ እንጨት ለክቡ አይሆንም።

አራተኛው .223 ይላል፣ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር በእጅ የተቀረጸ መሰለኝ። ይህ ያሳስበኛል። አንዳንድ ሰው ጥይቱ የሚገባበትን ቤት አስፍቶ ለሌላ ጥይት ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ የሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሳያውቁ የተሳሳተ ጥይት መተኮስ ሰው ይጎዳል። ጠመንጃ ጠጋኝ ሳይለካው አይሽጡት።

አምስተኛው የ.45 ኮልት ጥይትና የ.410 ነው፤ .410 ጥቃቅን እርሳሶችን የሚረጭ ጥይት ነው። ጫፉ ላይ እርሳሶቹ ብዙ እንዳይበተኑ የሚያደርግ፣ የሚፈታ ማጥበቢያ ነበረው፣ ከነመፍቻው። እነዚህ ቶሎ ነው የሚጠፉት። መሳቢያ ውስጥ ይፈልጉ፤ ከተገኙ ዋጋው ከፍ ይላል።

የውስጡን ነገር ፎቶ አይነግረኝም። አጎትሽ መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን ያረጋግጡ። አፈሙዙን ነቅለው በንጹሕ ጨርቅ ደጋግመው ያጽዱት፤ ከዚያ ወደ መስኮት አቅንተው በኋላው በኩል ይዩ። ውስጡ የተቆረጠው ጠመዝማዛ መስመር ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ሳያጸዱ ግን አይፍረዱ፤ የእርሳስና የመዳብ ቅሪት ዝገት ይመስላል።

ዋጋ ሲፈልጉ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ጨረታ ላይ በትክክል የተሸጠበትን ይመልከቱ። ሻጭ የፈለገውን ይጠራል። የኮንቴንደርንና የኤንኮርን ዋጋ እንዳያምታቱም ይጠንቀቁ። ኤንኮር የዚያው ኩባንያ ቢሆንም አፈሙዙ ኮንቴንደር ላይ አይገባም።

ከታች አንድ ሰው «ወደዚህ ይላክና እኛ እንሽጠው» ብሏል። ይህን አታስቡት። እዚህ አገር የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ አፈሙዝ ከአሜሪካ ማስወጣትም ፈቃድ ይጠይቃል። እዚያው ይሸጥ፣ ብሩ ይላክ።

የአራተኛውን ጽሑፍ በደንብ አቅርበሽ እንደገና አንሺልኝ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ፍላሽ አይብራ። ሳየው እዚሁ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ አጎትሽ ለሰውዬው «እያሰብኩበት ነው» ይበሉት።