ፑል ያለበት አፓርትመንት ገባን፣ እኔም ልጄም ዋና አንችልም ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። ልጅሽ 4 ዓመቱ፣ አንቺ ዋና አትችይ፣ ባልሽ ደግሞ "ክንዱ ላይ የሚነፋውን ካደረግንለት ምን ይሆናል" ይላል፣ የኔም ባል ቃል በቃል እንደዛ ነበር ያለው።

ያደግኩት ደብረዘይት ነው፣ ሐይቅ መሀል፣ ግን ዋና አልችልም ነበር። ሆራ ሐይቅ ሰው ይወስዳል እየተባልን ነው ያደግነው፣ ወንዶቹ ተደብቀው ይዋኛሉ እኛ ዳር ቁጭ ብለን ልብሳቸውን እንጠብቃለን። (የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ እውነትም ከዳሩ ትንሽ ራመድ ስትይ ወዲያው ይጠልቃል።) ሜሪላንድ ስመጣም ፍርሃቱን ይዤው መጣሁ፣ ልጄ ውሃ በተጠጋች ቁጥር መጮህ ብቻ ነበር ስራዬ።

አንዴ ልደት ተጠርተን፣ ጓሮው ፑል አለው፣ አስር የምንሆን አዋቂዎች ቁጭ ብለናል ቡና እየተፈላ ነው። ልጄ 3 ዓመቷ ነበር፣ ፒዛ ልትበላ ስትወጣ ፍሎቲዋን (ክንድ ላይ የሚነፋውን) አወለቅኩላት፣ ከዛ ሲኒ ልቀበል ዞር አልኩ። በቃ ይቺው ናት። ስመለስ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ አፏም አፍንጫዋም ከውሃ በታች፣ አይኗ ፈጦ ወደ ላይ ታያለች፣ አልጮኸች አልተንቦጫረቀች፣ ምንም ድምጽ የለም። የጎረቤት ልጅ ነው ጎትቶ ያወጣት፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። አስሏት አስመለሳት፣ ሐኪም ቤት ወስደናት ደህና ናት አሉን። እኛ'ኮ የሚሰምጥ ሰው ድረሱልኝ ብሎ የሚጮህ ነው የሚመስለን።

ስለዚህ ፍሎቲውን እርሺው። ልጁ ውሃው ራሱ የሚይዘው ነው የሚመስለው፣ አውልቆም ዘሎ ይገባል፣ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም ነው የሚያስለምደው፣ ለመንሳፈፍ ግን መጋደም አለበት። ከፈለግሽ ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂ) ያጸደቀው ተብሎ የተጻፈበትን ላይፍ ጃኬት ግዢ፣ እሱም ቢሆን እጅሽ ከሚደርስበት አይራቅ።

ትምህርቱን በተመለከተ እዚህ አሜሪካ የህጻናት ሐኪሞቹ ማህበር ከ1 ዓመት ጀምሮ መጀመር ይቻላል፣ 4 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ አብዛኞቹ መማር አለባቸው ነው የሚለው፣ ስለዚህ አልረፈደብሽም ግን ለሚቀጥለው ሰመር አትበይ። የኔ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንታት አረፋ መንፋትና በጀርባ መጋደም ብቻ ነበር፣ ብሬን በሉት ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ ዋናው እሱ ነው፣ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ተገልብጣ ትንሳፈፋለች፣ ግድግዳውን ይዛ ትወጣለች። ከተማረም በኋላ ግን አይንሽን አትንቀይ፣ የተማረ ልጅም ይሰምጣል።

አንቺም ተመዝገቢ። እኔ በ37 ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ የመጀመሪያ ቀን 45 ደቂቃ ሙሉ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፣ አጠገቤ ያሉት አሮጊት እየሳቁብኝ። ጸጉሬ ብለሽ ከሆነ ሹሩባ ተሰሪ፣ ኮፍያውን ከማድረግሽ በፊት በንጹህ ውሃ አርሰሽ ኮንዲሽነር ቀቢው፣ ክሎሪኑ ብዙም አይጎዳውም።

አሁን ግብዣ ላይ አንድ ሰው ባርኔጣ እናስደርጋለን፣ ባርኔጣ ያደረገ ለ15 ደቂቃ ስልክ አይነካም ወሬ የለም ውሃውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ከዛ በእጁ ለሌላው ያስረክባል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ አሁን ራሳቸው ነው የሚጠይቁት። አፓርትመንትሽ ውስጥ የፑሉን በር በወንበር ከፍተው የሚተዉ ካሉ ሳትፈሪ ለኦፊስ ተናገሪ፣ በሩ ራሱ መዘጋት አለበት። ዋኝታችሁ ስትወጡ ኳስ ምናምን ውሃ ላይ አትተዉ፣ ልጅ ሊያመጣው ይመለሳል። ትንሽ ህጻንም ካለሽ ባልዲና ሳፋ ውስጥ ውሃ አታሳድሪ።

ሲፒአርም (ትንፋሹ ወይም ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታ) ተማሪ። እኛ ሀገር የሰመጠውን ሰው ዘቅዝቀው ሆዱን ይጫኑታል አይደል፣ እንደዛ አይደረግም፣ የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ ነው የሚሰጠው፣ ከደረት መጫኑ ጋር፣ አንዱ ደግሞ 911 ይደውል።

የቱ ስቴት እንዳለሽ አልጻፍሽም፣ ሜሪላንድ ከሆንሽ የካውንቲው የዋና ትምህርት ምዝገባ ቶሎ ሊሞላ ይችላል፣ አካውንቱን ከወዲሁ ክፈቺ።