ኪል -9 ላይ ለሚቸኩሉ ጣቶች

ልጆቼ፣

የሊኑክስ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ ጣታችሁ ወዴት እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ የኔም ይሮጥ ነበር። ቶፕ (ሲፒዩ አብዝቶ ከሚወስደው ጀምሮ የሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ይከፈታል፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ፕሮሰስ (እየሄደ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ይቀዳል፣ ከዚያ በግድ የሚገድለው ኪል -9። አለቀ።

አንድ ሌሊት እንዲሁ አድርጌ እስኪነጋ ተቀጥቻለሁ። ማሽኑ 8 ኮር (የሲፒዩው ሠሪ ክፍሎች)፣ ሎድ አቬሬጁ፣ ማለትም የሚሠሩትና የሚጠብቁት ፕሮሰሶች አማካይ ቁጥር፣ ከ40 በላይ። አናቱ ላይ ዳታቤዙ ስለነበር ገደልኩት። ሎዱ ጥቂት ወረድ ብሎ ተመልሶ ወጣ። ዳታቤዙን ሳስነሳው ደግሞ ከሎጉ (ለውጦቹን ከመዘገበበት ፋይል) ራሱን ሊጠግን ተቀመጠ፤ ለጥገናው የሚፈልገው ዲስክ ግን ቀድሞውኑ ታንቆ ነበር። ያነቀው ማን መሰላችሁ? እኔው በዚያው ሳምንት ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ ያስቀመጥኩት የባክአፕ ስክሪፕት። ከሲፒዩ የሚወስደው 3 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ከዝርዝሩ ግርጌ ነበር፤ እዚያ ድረስ ማን ይወርዳል!

ቶፕ ግን ነግሮኝ ነበር። ከላይ የሲፒዩ መስመር ላይ «ደብሊው ኤ» የምትል ቁጥር አለች፤ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ዲስክ የሚጠብቅበትን ጊዜ በመቶኛ ታሳያለች። ያን ሌሊት 70 ገብታለች፣ እኔ ዞር ብዬም አላየኋት። ሊኑክስ ሎድ ሲቆጥር የሲፒዩ ተራ የሚጠብቁትን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ ዲስክ ጠብቀው የተገተሩትን፣ ማለትም ሁኔታቸው «ዲ» ተብሎ የሚታየውንም ይጨምራል። ስለዚህ ሎድ 40 ሆኖ ሲፒዩው እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል። (በነገራችን ላይ ቶፕ ላይ 400 በመቶ አይታችሁ አትደንግጡ። 4 ኮር ሙሉ እየተጠቀመ ነው ማለት ነው።)

አሁን ያ ባክአፕ በናይስ (የሲፒዩ ቅድሚያ መወሰኛው) 19 ነው የሚሄደው፤ በአዮናይስ (የዲስክ ቅድሚያ መወሰኛው) ደግሞ ዲስክ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ሲጠግብ ነው። ናይስ ከ-20 እስከ 19 ይሄዳል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፕሮሰሱ ለሌላው ይለቃል። ማሽኑ ባዶ ከሆነ ግን 19 የተባለውም ሲፒዩውን እንዳለ ይወስዳል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩበታል፤ እኔ የምወደው ለዚሁ ነው። አዮናይስን ግን በጭፍን አትመኑት፤ የዲስኩ ሸዱለር (ተራ አስያዡ) ካላከበረው ከንቱ ነው።

ከዚህ የጠበቀ ጣሪያ የፈለገ ሲግሩፕ (ለፕሮሰሶች ቡድን ገደብ ማበጃው) አለለት፤ በ2008 በ2.6.24 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) የገባ ነው። አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ «ሲፒዩ ኮታ» 20 በመቶ ካላችሁት፣ ማሽኑ ባዶ ቢሆንም ፕሮሰሱ ከአንድ ኮር አንድ አምስተኛ አያልፍም። ሜሞሪ ላይ ግን እጃችሁ ይክበድ። ሲፒዩ የጎደለበት ፕሮሰስ ይዘገያል፣ ሜሞሪ የጎደለበት ይሞታል። «ሜሞሪ ማክስ» ላይ ደርሶ ከርነሉ የሚያስለቅቀው ካጣ፣ ኦኦኤም ኪለር (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ የሚገድለው የከርነሉ ክፍል) ሳይጠይቃችሁ ይገድለዋል። ስለዚህ ከ«ሜሞሪ ማክስ» ዝቅ አድርጋችሁ «ሜሞሪ ሃይ»ን አስቀምጡ፤ እሱ አፍኖ ያዘገያል እንጂ አይገድልም፣ እናንተም ለማየት ጊዜ ታገኛላችሁ።

መግደል ግድ ከሆነ ቁጥር ሳትጨምሩ ኪል በሉ። ሲግናል (ለፕሮሰሱ የሚላክ ምልክት) 15 ይላካል፤ ፕሮሰሱም ፋይሉን ዘግቶ ይወጣል። 9ን ግን ሊሰማ እንኳ ዕድል የለውም።

ከሁሉ በፊት ግን ኪል -ስቶፕን ሞክሩ። የጠረጠራችሁትን ባለበት ያቆመዋል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና «ደብሊው ኤ»ን እዩ፤ ከወረደች አግኝታችሁታል፣ ካልወረደች ኪል -ኮንት ብላችሁ ልቀቁትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ዳታቤዝ ላይ ይህን አታድርጉ፤ ቁልፍ (ሌላው መረጃውን እንዳይነካ የሚያግደውን) እንደያዘ ቆሞ ሌላውን ሁሉ ያስቆማል። ደግሞ ያቆማችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ አንዱን ረስቼው ሦስት ቀን እንደቆመ ከርሟል፤ የሪፖርት ፕሮግራም ነበር፣ የፈለገውም ሰው አልነበረም።