መልስ፦ የጣና የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ኢንፎግራፊክ

እህቴ፣ የጣናን ስፋትና ጥልቀት በአኒሜሽን ስታሳዪ ጽሑፉ ሳይነበብ እንደሚያልፍ፣ ባሕር ዳር ባለው የላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፊደሉ ሳጥን እንደሚሆንብሽ ጠይቀሻል።

ከድምፁ ጀምሪ። ትረካውን ቀድተሽ ሰዓቱን ከለካሽ በኋላ ነው ሥዕሉን የምታንቀሳቅሺው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ 60 ሰከንድ 1500 ፍሬም ነው፤ ከ6 ወይም 7 ትዕይንት በላይ አትጫኚበት። ጽሑፉ ገብቶ ከቆመ በኋላ ቀስ ብለሽ ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ሳትጨርሺ አይውጣ።

በጣም የሚያሳስበኝ ልኬቱ ነው። የሐይቁ ርዝመት 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስክሪኑ ወርድ፣ በ1920 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስትዘረጊው አንድ ፒክስል 44 ሜትር ያህል ይወክላል፤ 15 ሜትር ገደማ የሆነው ትልቁ ጥልቀት አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም! ስለዚህ ጥልቀቱን በሌላ ትዕይንት፣ በቤት ቁመት አሳዪው፤ አጋነሽ ከሣልሽውም እዚያው ስክሪኑ ላይ ጻፊ። በክብ ስታወዳድሪም እጥፍ ለሆነ ቁጥር ዲያሜትሩን በ1.41 አባዢ። በ2 ካባዛሽው የክቡ ስፋት አራት እጥፍ ይሆንና ተመልካቹን ታሳስቺዋለሽ።

ሳጥኑ የሚመጣው ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት በፍላሽ ወስደሽ ጫኚ። ካልተፈቀደልሽ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር፣ ኢሉስትሬተር በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጪው፤ ከዚያ በኋላ ፊደል ማረም ስለማይቻል ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጪ።