የጠፈር መርከብሽን ከፈረቃ መዝገቡ ጀምሪያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከፀሐይ ቤተሰብ ወጥታ ሌላ ኮከብ ስለምታስስ መርከብ እየጻፍሽ ነው። ሞተሩንም መሣሪያውንም ዘርዝረሻል፤ ደብረ ሲና ያሉ ጓደኞችሽ ግን «ሰው የሚኖርባት አትመስልም» አሉሽ፤ ምን ልጨምርበት ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እሠራለሁ። «ጣርማ በር» ብዬ ስለሰየምኳት መርከብ እየጻፍኩ ለሠፈር ልጆች ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቹ ስለ ሞተሩ ብዙም አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ፣ ክርስትና የት እንደሚነሣ፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚደገፍበት ዕቃ) ሲበላ ሌላው ከየት እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ መርከብሽን ከፈረቃ መዝገቡ ጀምሪያት እልሻለሁ። ማን ከማን ምን ተረከበ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ሊያልቅ ነው የሚለውን ካወቅሽ ግድግዳውም ሰዉም ተከትሎ ይመጣል።

በመጀመሪያ ርቀቱን ቁርጥ አድርጊ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው ሰው አልባ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በዚህ ፍጥነት ያን ያህል መንገድ ለመጨረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። የአንቺ መርከብ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ብትደርስ እንኳ 42 ዓመት ያስፈልጋታል። ሞተሩን በሁለት አንቀጽ ጨርሺውና እነዚህ 42 ዓመታት ላይ ቆዪ። በውስጣቸው የሚወለድ አለ፣ የሚያረጅ አለ፣ የሚሞት አለ። የመቃብሩን ነገር ከመነሣታቸው በፊት መወሰን አለብሽ።

ክብደት በሌለበት የሚቆይ ሰው የዳሌ አጥንቱ በየወሩ 1 በመቶና ከዚያም በላይ ይሳሳል። ስለዚህ ጣርማ በርን ቀለበት አድርጌ በደቂቃ 2 ጊዜ አዞርኳት፤ ዙረቱ ሰውን ወደ ወለሉ ይጫነዋል። ከመሃሏ እስከ ወለሏ 224 ሜትር ስለሆነ በእግር ሥር የሚሰማው ክብደት የምድርን ያህል ነው። ቀለበቱን ብታሳንሺው ዙረቱን ማፍጠን ግድ ይልሻል፤ ያኔ ሰው አንገቱን ባዞረ ቁጥር ያጥወለውለዋል። ይህን ስሌት አንዴ ካወጣሽ ኑሮውን እሱ ራሱ ይነግርሻል። ጀበናዋን ከሲኒው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ የምትቀዳ ሴት ቡናው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሽቶ ይወርድባታል። እዚያው የተወለደችው ልጅ ሳታስበው ሲኒውን ታስጠጋለች፤ ከምድር የመጣችው አያቷ ግን ስንት ዓመት ኖራም ረከቦቱን ታረጥባለች።

የአየሩን ነገር እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ከኑሯችን እናውቀዋለን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሦስት አራተኛ በታች ነው፣ ውሃም 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባቄላ ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደሚቆይ እናቶቻችን ያውቁታል። ለመርከብ ግን ዝቅ ያለ ግፊት ይጠቅማል። ግድግዳው ቀለል ይላል፣ በስንጥቅ የሚያመልጠውም አየር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተላከችው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስካይላብ ውስጥ የነበረው ግፊት የባሕር ጠለሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነበር፤ ለመተንፈስ እንዲበቃ የኦክስጅኑን ድርሻ ከፍ አደረጉት። ድርሻው ከፍ ሲል ግን እሳት ይበረታል። እኔ የደብረ ብርሃንን አየር እንዳለ ወሰድኩ፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ የኦክስጅኑ ድርሻ እንደ ምድር። ያም ሆኖ ዕጣን ይጨስ አይጨስ የሚለው ክርክር ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ወሰደ፤ ጭሱ የሚገባው ሁሉም በሚተነፍስበት ማጣሪያ ነውና። እንዲህ ያለው ጠብ ከጦርነት ይልቅ መርከቧን ሕያው ያደርጋታል ብዬ አምናለሁ።

«አየሩ በማሽን ይጣራል» ብለሽም አትለፊው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 በተባለ ዝግ ሕንፃ 8 ሰዎች ለሁለት ዓመት ገብተው ነበር። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ አካባቢ ስለወረደ ከውጭ ተጨመረላቸው። አፈሩ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ሲፈጁት፣ ያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት መጠጠውና ለዕፅዋቱ ሳይደርስ ቀረ። መርከብሽ ውስጥ ከግድግዳው፣ ከቀለሙ፣ ከአልጋው የሚጀምር ችግር ፍጠሪ። ውሃውም እንደዚያው ነው፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሽንትና ላቡን ጨምሮ 98 በመቶውን ውሃ መልሶ መጠቀም ቻለ። የቀረችው 2 በመቶ ግን ለ42 ዓመት ስትደማመር ምን እንደምትሆን አስዪ።

ሙቀትን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ጠፈር ቢቀዘቅዝም ባዶ ስለሆነ ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው። ስለዚህ ችግራቸው ብርድ ሳይሆን ከማሽኑና ከሰዉ የሚወጣውን ሙቀት ማስወገድ ነው። ለዚህም ከመርከቧ ውጭ የተዘረጉ ሰፋፊ ሙቀት አውጪ ክንፎች ያስፈልጉሻል።

አሁን ወደ መለዋወጫው እንምጣ፤ ይህ እንጀራዬ ስለሆነ ልቆይበት። እኛ ዘንድ አንዲት ኩሽኔታ ጠፍታ መስመር ሙሉ ይቆማል። ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ይበጠሳል፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ይበላል፣ ዕቃው እስኪመጣ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀረጽበት ሄደን ምትክ እናስቀርጻለን። መርከቧ ላይ የሚመጣ ዕቃ የለም። ስለዚህ በጣርማ በር ያሉ ፓምፖች በሙሉ አንድ ልክ ኩሽኔታ ነው የሚወስዱት፣ ቡሎኑም ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንዱ ከቆመ ከሌላው ፈትቶ መግጠም ይቻላል። ቶርኖ ቤቱ ከአዛዡ ክፍል ይበልጥ የተከበረ ነው፤ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው እዚያ ይገባሉ። ፈረቃ ሲለወጥ ወጪውና ገቢው አብረው ፓምፑ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ፤ ንዝረቱ ከትናንቱ ከተለየ ሳይጻፍ ማንም አይወጣም።

ብረቱ ግን ያልቃል። ማን ይቆጥበው? ይህን ያገኘሁት ከመንዝ ነው። በዚያ ያለውን የጓሳ ሣር ሕዝቡ ለመቶዎች ዓመታት «ቄሮ» በተባለ የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቆታል፤ አለቃ መርጦ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በጋራ በተወሰነ ቀን ከፍቶ ያጭድ ነበር። እኔም የብረት መጋዘኑን በዚሁ ሥርዓት ዘጋሁት። አለቃው የሚመረጠው ከየፈረቃው ነው፤ አዛዡ ብቻውን ማስከፈት አይችልም። ከዚያ የኦክስጅን ፓምፑ ጉባኤው ሊከፍተው ከተስማማበት ቀን ሁለት ዓመት ቀድሞ ተሰበረ። ለአንዱ ብለው ቢከፍቱት ነገ ሁሉም ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ ባይከፍቱት የመርከቧ የአንድ ክፍል ሰው ወደ ሌላው ሄዶ ተጨናንቆ ይተኛል። ልጆቹ ከማንኛውም ምዕራፍ ይልቅ እዚህ ላይ ተከራክረዋል፤ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የጉባኤውን ንግግር ራሷ ጽፋ አምጥታልኝ እንዳለ አስገብቼዋለሁ።

አንቺም ምዕራፍ አንድን ለጊዜው ተዪውና የመርከብሽን የሦስት ቀን የፈረቃ መዝገብ ጻፊ፤ የተረካቢው ስም፣ የተበላሸው ዕቃ፣ የቀረው ውሃ፣ ማን አኩርፎ ማን እንደፈረመ። እዚሁ ለጥፊው፤ ከፓምፖቹ ጀምሬ አነብልሻለሁ።