ሊሾው ሳይፈስ ተናገር

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ቤት እየሠራሁ ነው፤ የቧንቧ ዝርጋታው ውሃ የማያባክን፣ አካባቢም የማይበክል እንዲሆን ምን ላድርግ?» ብለሃል። እንጀራዬ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የሳኒተሪ ሥራ ነውና የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ፍሳሹ። ሊሾው ሳይፈስ የሻወሩንና የልብስ ማጠቢያውን ፍሳሽ ከሽንት ቤቱ ለይተው በሌላ ቱቦ እንዲያወጡልህ ተናገር። አሁን ወጪው ጥቂት ሜትር ፒቪሲ ነው። በኋላ ግን ሴራሚክ ማስፈንቀል ይመጣል፤ ያኔ ማንም አይሞክረውም። ያ ውሃ ጌሾህንና የፖም ችግኝህን ያጠጣልሃል፤ ሴፕቲክ ታንክህም ቶሎ አይሞላም። በረኪና የገባበትን ግን ጓሮ አትልቀቅ፤ ሰላጣም አታጠጣበት። የወጥ ቤቱን ሲንክ ፍሳሽ እኔ ከዚህ ውሃ ጋር አልቀላቅለውም። ቅባቱ ቱቦ ይደፍናል፣ ሽታው ከጎረቤት ያጣላል።

የውሃ ጉድጓድ ካለ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደ መሬት የሚሰርግበትን ጉድጓድ፣ መስረጊያውን፣ ቢያንስ 30 ሜትር አርቀው። ቦታ ካጠረህ የማያሰርግ ታንክ አሠርተህ በመኪና አስመጥጥ።

የሽንት ቤት መቀመጫ ስትገዛ ባለ ሁለት ቁልፉን ውሰድ። ትንሿ 3፣ ትልቋ 6 ሊትር ገደማ ትለቃለች። ደግሞ ፍላሹን ፈትሽ። ፍኖተ ሰላም አንድ ደንበኛዬ የውሃ ሂሳብ ቢያሻቅብበት መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ፈንድቷል ብሎ ግቢውን ሊያስቆፍር ነበር። የቀዘቀዘ ቡና አስመጣሁና ፍላሹ ታንከር ውስጥ ጨመርኩ። ማንም ሳይጠቀም ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ሆነ! ጥፋቱ ከታች ያለችው ጎማ ነበረች። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ሄዱ፤ ትንሽም ሳያኮርፉ አልቀሩም።

ዝናቡንስ ለምን ትለቀዋለህ? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያህ 80 ካሬ ከሆነ አንድ የ20 ሚሊ ሜትር የሐምሌ ዶፍ 1,600 ሊትር ያወርዳል። ግማሹ ባይገባ እንኳ ሮቶህ ደህና ይይዛል። አሸንዳው ወደ ሮቶው ትንሽ ያዘንብል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አታስገባ፤ የበጋ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ይህን ውሃ ለሽንት ቤትና ለልብስ ለብቻው ዘርጋው፤ ከከተማው መስመር ጋር ፈጽሞ አታገናኘው።

ቦይለሩን ሻወሩ አጠገብ አሰቅለው። ከራቀ በማርቆስ ብርድ ሙቁ እስኪደርስ ስንት ሊትር ይፈሳል።

የግቢህን ተዳፋት ጻፍልኝ፤ ሮቶው የት ቢቀመጥ እንደሚሻል እነግርሃለሁ።