አውራውን ከመቀየርህ በፊት ከመንጋው ለየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። 30 እናት በጎችና አንድ አውራ አሉህ፤ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ይውላል፣ ያድራል፤ ግልገሎቹ በየወሩ እየተንጠባጠቡ ይወለዳሉ፤ ብዙዎቹም ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞቱብሃል። ግዙፍ ዝርያ ያለው አውራ ብገዛ ይሻል ይሆን ወይ ነው ያልከው። እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። ከግዙፍ አውራ ግዙፍ ግልገል ይጸነሳል፤ የከሳች እናት ደግሞ እሱን ለመውለድም ለማጥባትም አቅም አይኖራትም። ገንዘብህን ለጊዜው ለመኖ አስቀምጠው።

መጀመሪያ አውራውን ለየው። ብቻውን ሲሆን ስለሚረበሽና አጥር ስለሚሰብር ከተኮላሸ በግ ጋር አድርገው። በግ የምታረግዘው በአማካይ 147 ቀን ስለሆነ ሣር የሚበዛበትን ወቅት ምረጥና ከዚያ አምስት ወር ገደማ ወደኋላ ቆጥረህ አውራውን አስገባ። (ከምድር ወገብ በጣም በራቀ አገር ያሉ ብዙ ዝርያዎች ቀኑ ሲያጥር ብቻ ስለሚጠቁ፣ ማለትም አውራ ስለሚቀበሉ፣ ምርጫው ይጠብባቸዋል።) ያልያዘች በግ በ17 ቀን ገደማ ተመልሳ አውራ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አምስት ሳምንት ካቆየኸው እያንዳንዷ ሁለት ዕድል ታገኛለች። ከዚያ አውጣው።

አውራው ውስጥ እያለ ቀለም በዘይት ለውሰህ ከፊት እግሮቹ መሃል ደረቱን ቀባው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑም አድስለት። የተጫናት በግ ዳሌዋ ላይ ምልክት ይቀራል። በ17ኛው ቀን ወደ ጠቆር ያለ ቀለም ቀይር። ሁለተኛውን ቀለም ደርባ የያዘችው በመጀመሪያው ዙር ሳትይዝ ቀርታለች ማለት ነው። በእኔ መንጋ አንድ ዓመት አብዛኞቹ ሁለተኛውን ቀለም ይዘው ስላገኘኋቸው አውራውን አስመረመርኩት፤ አንደኛው ፍሬው አብጦ ጠጥሮ ነበር። ያ ቀለም ባይኖር ኖሮ ይህን የማውቀው ከአምስት ወር በኋላ፣ ባዶ ጉሮኖ ሳይ ነበር።

ሥጋቸውን በዓይን አትገምት፣ ጸጉሩ ያታልላል። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ሽንጧ ላይ እጅህን አሳርፈህ የአከርካሪዋን ጫፍና የጎኑን አጥንቶች ዳብስ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ከሻከረህና ጣቶችህ ከጎኑ አጥንቶች ሥር ያለ ችግር ከገቡ ከስታለች። እንዲህ ያለችውን ከማስጠቃትህ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጀምረህ ደህና አድርገህ ቀልባት፤ የመያዝና መንታ የመያዝ ዕድሏ ይጨምራል።

የግልገሎችህ ሞት ምንጭ ግን ይበልጥ የሚመስለኝ የእርግዝናው መጨረሻ ነው። ጽንሱ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ በዚያው ጊዜ ማኅፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫነው የምትበላው ይቀንሳል። ድርቆሽ ብቻውን አይበቃትም፤ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ወይም ያገኘኸውን የእህል መኖ፣ ቀስ በቀስ እያሳደግህ ጨምርላት። መንታ ያረገዘች በግ ከመንጋው ተነጥላ ከፈዘዘችና መብላት ካቆመች በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ከመውለዳቸው አራት ሳምንት ገደማ በፊት የሚሰጠውን ክትባትም ከሐኪሙ ጋር ወስን፤ የእናቲቱ መከላከያ ለግልገሉ የሚደርሰው በእንገሯ ነው።

እንገሩን ነገር አደራ! በግ በእርግዝና ጊዜ በሽታ መከላከያዋን ለጽንሷ አታስተላልፍም፤ የግልገሉ አንጀትም ይህን ከእንገር መቀበል የሚችለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በየሰዓቱ እየቀነሰ። እንደተወለደ ሁለቱንም ጡቶች አንድ አንድ ጊዜ ጨመቅ አድርገህ ጫፉን የደፈነውን ነገር አስወጣ፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባቱን በዓይንህ እይ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ግልገል በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ማግኘት አለበት። ጣትህን አፉ ውስጥ ስትከት ከቀዘቀዘህ አድርቀህ አሙቀው፤ መዋጥ ለማይችል በጡጦ አትጋት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እትብቱን አዮዲን ንከርለት፤ እናትና ልጅን ለአንድ ሁለት ቀን በጠባብ ቦታ ለብቻቸው አቆያቸው።

አውራ የምትቀይረው ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ነው፤ አለዚያ አባት ልጁን ያስረግዛል። ስትመርጥ ከቁመቱ በፊት ፍሬዎቹን ዳብስ፦ ትልልቅ፣ እኩል፣ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌለባቸው ይሁኑ። ጥርሱንና ሸሆናውን እይ፤ መንታ ወልዳ ሁለቱንም ካሳደገች እናት ከተወለደ ደግሞ እሰየው። ዘሩ ተሠርቶ ለመብሰል ሰባት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት መግቦቱን ከሴቶቹ ጋር ከመቀላቀሉ ሁለት ወር በፊት ጀምርለት። ወንድ ግልገሎቹን አራት ወር ሳይሞላቸው ለይ ወይም አኮላሽ፤ ካልሆነ አውራውን በለየህበት ጊዜ እነሱ ሥራውን ይሠሩልሃል።